ካልጮኽኩ ትሰሙኛላችሁ?

ከሀገር ርቆ ስለመኖር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመኖሪያ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ፣ የቋንቋና የናፍቆት ጉዳይ ነው። ስለ ጫጫታ የሚያወራ ሰው እምብዛም አይገኝም። ርሃብ አይደለም፤ በሽታ አይደለም፤ ፖሊስም አይደለም። «ባዕድ አገር ምኑ ከበዳችሁ?» ብሎ ለሚጠይቀን ዘመድ «ጩኸቱ» ብለን ብንመልስ እንደ ቅንጦት ሊቆጠርብን ይችላል። እኛ ባልና ሚስት ግን ከልጆቻችን ጋር ካይሮ ውስጥ በኖርንባቸው ዓመታት ከገንዘብ ማጣትና ከናፍቆት ባልተናነሰ ሁኔታ ያደከመን ይኸው ጩኸት ነው። ስለዚህም ለዚህ መጽሔት አንባቢ ቤተሰቦች፣ በተለይም ለትምህርትም ሆነ ለእንጀራ ወደ ትልልቅ ከተሞች ለሚጓዙ ወጣቶች ያየነውን ማካፈል ወደድን።

ካይሮን ለኢትዮጵያ ሙስሊም ፈጽሞ ባዕድ ናት ለማለት ያስቸግራል። በአል-አዝሀር መስጊድ ውስጥ ከኛ አካባቢ ለሚሄዱ ደረሶች የተለየ የጀበርት ሪዋቅ የሚባል ማደሪያና መማሪያ ለዘመናት ነበረ። ታላቁ የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) የዘር ሐረጋቸው ከዚሁ ወገን የሚመዘዝ ሲሆን፣ አባቶቻቸውም በሪዋቁ ሸይኽነት ያገለገሉ ነበሩ። ዛሬም ዕውቀት ፍለጋ ወደዚያ የሚዘልቁ ወንድሞችና እህቶች አሉ። የውጭ ተማሪዎች በብዛት ከሚከራዩባቸው አካባቢዎች አንዱ ናስር ሲቲ ነው፤ እኛም ቤት ያገኘነው በዚሁ ውስጥ፣ ዐረቦቹ «ሐይ አል-ዓሺር» (ዐሥረኛው ሰፈር) በሚሉት አካባቢ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከሥራችን ምድር ቤቱ ሻይ ቤት፣ ከፊት ለፊታችን አውራ መንገድ፣ ከጎናችን ደግሞ በላይ በላዩ ፎቅ የሚጨመርበት ያላለቀ ሕንጻ ነበር።

የአንዱን ቀን ውሎ ብናስቀምጥ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፀሐይ ከፍ ስትል የጋዝ ሻጩ ሲሊንደሮቹን ጭኖ አንዱን በብረት እየቀጠቀጠ ያልፋል፤ ቅጥቀጣው «ጋዝ መጣ» ማለት ነው። ከሱ ተከትሎ አሮጌ ዕቃ ገዢው በአህያ ጋሪ ላይ ተቀምጦ «ሮባቤክያ!» እያለ በድምጽ ማጉያ ይጣራል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን አሮጌ ዕቃ ማለት ነው፤ የኛው ቁራሌው የሥጋ ዘመድ መሆኑ ነው። ከዚያ ቲማቲም ሻጩ፣ ከዚያ የሕንጻ ሠራተኞቹ መዶሻ፣ ከዚያ ሙዚቃቸውን እስከ መጨረሻው የከፈቱ ባጃጆች ይመጣሉ። ክላክስ ደግሞ በካይሮ አደጋ ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። ሰላምታው፣ ምስጋናው፣ «ልለፍ» ባይነቱ በክላክስ ይነገራል፤ የሠርግ አጀብ የራሱ ምት አለው፤ ይባስ ብሎም በክላክስ የሚሰደብ ስድብ አለ፤ ሰሚውም ይገባዋል። ምሽት ላይ ሻይ ቤቱ ይሞላል። ዶሚኖ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ አይችልም፤ ይመታዋል እንጂ። ይህ ሁሉ እስከ ሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ይዘልቃል።

የቤቱ አሠራርም አያግዝም። ሕንጻዎቹ የኮንክሪት ምሰሶ ቆሞ መሐሉ በስስ ቀይ ሸክላ የተሞላባቸው ናቸው። ለኩሽናና ለመታጠቢያ ቤት ብርሃንና አየር ማስገቢያ ተብሎ የተተወ «መንወር» የሚሉት ጠባብ ክፍተት ከታች እስከ ጣሪያ ይዘልቃል፤ ድምጽም በሱ በኩል እንደ ጭስ ይወጣል። የታችኛዋ እመቤት ሽንኩርት ስትከትፍ፣ የላይኞቹ ሲስሉ፣ አንዳንድ ሌሊትም ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ይሰማል። የሰው ምሥጢር ተሸሽጎ ማዳመጥ በሃይማኖታችን የተከለከለ መሆኑን እናውቃለን፤ ምሥጢሩ ራሱ በመስኮት ሲገባ ግን ምን ይደረጋል? እኛ በሩን ዘግተን ወደ ሌላው ክፍል እንሸሽ ነበር። በሌላው ክፍል ደግሞ መንገዱ ይጠብቀናል።

ለነገሩ የመጣነው ከጸጥታ አገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ረዳት «መርካቶ፣ መርካቶ!» እያለ፣ «ልዋጭ!» እየተባለ፣ የሠፈር ልጅ ኳስ በቆርቆሮ አጥር ላይ እየለጋ ነው ያደግነው። ያ ሁሉ ግን አላስጨነቀንም። ኋላ ቆይተን ስናስበው ምክንያቱ አንድ ነው፤ የእያንዳንዱን ድምጽ ትርጉምና ባለቤት እናውቅ ነበር። ቁራሌው ሲጣራ አእምሮ «ቁራሌው ነው» ብሎ ይተወዋል። ካይሮ የገባን ሰሞን ግን የጋዙ ቅጥቀጣ አደጋ ይመስለን ነበር፤ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ድምጻቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ቢላ ሊማዘዙ ነው ብለን ልጆቹን ከመስኮት እናሸሽ ነበር። ሰዎቹ ለካስ ስለ ማንጎ ዋጋ ነበር የሚነጋገሩት። የማይታወቅ ድምጽ ሰውን ሌሊቱን ሙሉ ዘብ ያቆመዋል። ቋንቋውን በለመድን መጠን፣ ጩኸቱ በአንድ ዴሲቤል እንኳ ሳይቀንስ፣ ከጭንቀታችን ግማሹ ተነሣልን ብንል ማጋነን አይሆንም።

ግማሹ ግን ቀረ፤ ምክንያቱም ጫጫታ የአእምሮ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአካልም ጉዳይ ነው። የግብጽ ብሔራዊ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት በካይሮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው አማካይ ድምጽ 85 ዴሲቤል ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ቁጥር ለማመዛዘን ያህል፣ 85 ዴሲቤል በፋብሪካ የሚሠራ ሰው የጆሮ መከላከያ ሳያደርግ ከ8 ሰዓት በላይ እንዳይቆይበት የሥራ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ወሰን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በመኝታ ክፍል ውስጥ ያለማቋረጥ የሚሰማ ድምጽ ከ30 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ሲታይ ያነሰ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ዴሲቤል በ10 በጨመረ ቁጥር የድምጹ ኃይል ዐሥር እጥፍ ይሆናልና።

ጆሮ እንደ ዐይን ክዳን የለውም። አላህ (ሱ.ወ.) የዋሻውን ባለቤቶች ለብዙ ዓመታት ሲያስተኛቸው ጆሯቸውን እንደዘጋ በሱረቱል ከህፍ 11ኛው አንቀጽ ተገልጿል፤ የተፍሲር ዐዋቂዎችም ጆሮ ተለይቶ የተጠቀሰው ሰው ከእንቅልፉ የሚነቃው በይበልጥ በጆሮው በኩል በመሆኑ ነው ይላሉ። የዛሬ ሐኪሞች የሚሉትም ከዚህ የራቀ አይደለም። የተኛ ሰው ባይነቃ እንኳ የክላክስ ድምጽ በሰማ ቁጥር የልቡ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊቱም ከፍ ይላል። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ለዓመታት የሚከማች ጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዘገባ በምዕራብ አውሮፓ ብቻ በተሽከርካሪ ጩኸት ሳቢያ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን የጤና ዓመታት እንደሚባክኑ ገምቷል።

እኛ ቤት ነገሩ አሳሳቢ የሆነው ሁለት ነገሮች በአንድ ሰሞን በመገጣጠማቸው ነው። የመጀመሪያው ሦስተኛዋን ልጃችንን በእርግዝና ላይ ሳለን የእናትየው የደም ግፊት ከፍ ማለቱ ነበር። ሐኪሟ መድኃኒት ከመጻፋቸው በፊት የጠየቁት «ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛላችሁ?» ብለው ነው። ስንቆጥረው አራት ሰዓት አይሞላም ነበር፤ እሱም የተቆራረጠ። ሁለተኛው ከሰባት ዓመት ልጃችን የመጣ ነው። ልጁ ከቀን ወደ ቀን ሲናገር መጮኽ፣ ሲጠራ መጮኽ፣ ቁርኣን ሲቀራም መጮኽ ጀመረ። አንድ ቀን «ለምን ትጮኻለህ?» ብንለው ግራ ገብቶት፦

«ካልጮኽኩ ትሰሙኛላችሁ?» አለን።

እውነቱን ነበር። መንገዱ በጮኸ ቁጥር ሁላችንም ድምጻችንን ከፍ እያደረግን፣ ማታ ማታ ሳንጣላ የተጣላ ቤተሰብ መስለን ነበር። ጩኸት የሚያደክመው እንቅልፍ በመንሣቱ ብቻ አይደለም። የቤት ንግግር ያጥራል፤ «እባክህ» እና «አላህ ይስጥልኝ» ይቀራሉ፤ ሰው ሁለቴ ከመድገም ዝም ማለትን ይመርጣል። ተረት ከማውራት ይልቅ ልጆቹን ቶሎ ማስተኛት፣ ካስተኙ በኋላም ሲነቁ መቆጣት ይመጣል።

ስለ ልጆች ትምህርትም አንድ የቆየ ጥናት ማንሣት ይጠቅማል። አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር በኒውዮርክ ከተማ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ የሚያልፍ የባቡር መስመር አጠገብ ያለ አንድ ትምህርት ቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1975 ውጤቱን አሳተሙ። በባቡሩ በኩል ባሉ ክፍሎች የሚማሩት ልጆች በጸጥተኛው በኩል ከሚማሩት እኩዮቻቸው በንባብ ወደኋላ ቀርተው ተገኙ፤ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ልዩነቱ ወደ አንድ ዓመት ይጠጋ ነበር። በኋላ በሐዲዱ ላይ ጎማ ተደርጎ፣ የክፍሎቹ ጣሪያም ድምጽ በሚውጥ ነገር ተለብጦ ጩኸቱ ሲቀንስ ልዩነቱ ጠፋ። ይህን ባወቅን ጊዜ የከፋን ያህል ደስም ብሎናል። የተበላሸው ልጁ ሳይሆን ክፍሉ ከሆነ፣ ክፍል ይስተካከላልና።

ቤት መቀየር የመጀመሪያው ሐሳባችን ነበር፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ወገኖቻችን ወደ ግብጽ ከተሰደዱ፣ የግብጽ ፓውንድም ከወደቀ በኋላ ኪራዩ አልቀመስ አለ። ያለውን ቤት ይዞ መላ መፈለግ ግድ ሆነ። የመንገዱን ክፍል ሳሎን፣ የጓሮውን መኝታ አደረግን። በአሉሚኒየም የሚንሸራተቱት መስኮቶች ክፍተታቸው ብዙ ስለነበር ዙሪያቸውን በጎማ ደፈንነው። ትንሽ ቀዳዳ ብዙ ድምጽ እንደምታሳልፍ ያየነው ያኔ ነው። የኪታብ መደርደሪያዎቻችንን ከጎረቤት ጋር በሚያዋስነን ግድግዳ ላይ አስጠጋናቸው፤ መጽሐፍ ለጆሮም ይጠቅማል ማለት ነው። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ይቀንሳል እንጂ የመንገዱን ጩኸት ያቆማል ብሎ የሚሸጥላችሁን ነጋዴ አትመኑ። በበጋ ሙቀት መስኮት ዘግቶ መተኛት ስለማይቻል ቬንትሌተር ገዛን፤ የቬንትሌተሩ ወጥ ድምጽም ድንገት የሚመጣውን ክላክስ እየሸፈነ አገዘን። ለአዋቂዎች ደግሞ ስፖንጁን የጆሮ መድፈኛ። እሱን በጣት ጠቅልሎ ማቅጠን፣ ጆሮን ወደ ላይና ወደኋላ ሳብ አድርጎ ማስገባትና እስኪነፋ መያዝ ያስፈልጋል፤ እንዲሁ አፉ ላይ ከተሰካ አይሠራም። ለሕፃን አይደረግም። ለሱብሒ እንዳያሳልፈን ስልኩን በሚንቀጠቀጥበት አድርገን ከትራስ ሥር እናስቀምጠዋለን።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ጩኸቱን ለመሸፈን ቁርኣን በቴፕ ከፍተው እንደሚተኙ ነግረውናል። እኛ ይህን አልወደድነውም። ቁርኣን ሲነበብ ሊደመጥ የተገባው ነው፤ የክላክስ መሸፈኛ ልናደርገው ልባችን አልፈቀደም። ለዚያ ሥራ ቬንትሌተሩ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጠቀመን ቀኑን መገልበጣችን ነው። ካይሮ የሌሊት ከተማ ናት፤ አምሽታ ስለምትተኛ አርፍዳ ትነሣለች። ከሱብሒ ሶላት በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያለው ጊዜ፣ በተለይም ዓርብ ጠዋት፣ ከተማዋ የሌላ አገር ትመስላለች፤ ወፍ ይሰማል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡመታቸው በማለዳው ጊዜ በረካ እንዲሆንላት ዱዓ ማድረጋቸውን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል፤ ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወሬ ማብዛትን እንደሚጠሉም እንዲሁ። ዕውቀቱ ነበረን፤ የካይሮ ጩኸት ደግሞ ግድ አለን። የልጁን ሒፍዝ ከምሽት ወደ ማለዳ አዛወርነው። የቤት ሥራም እንዲሁ። ማታ ዒሻ እንደተሰገደ መብራት ይጠፋል፤ የመጀመሪያው እንቅልፍ ጥልቅ ስለሆነ ሻይ ቤቱ ሲሞላ ልጆቹ ጥልቁ ውስጥ ናቸው። የቀረውን ቀትር ላይ በቀይሉላ እናሟላዋለን። በምሽት አንድ ገጽ ለመሐፈዝ አንድ ሰዓት ይፈጅበት የነበረው ልጅ በማለዳው ሃያ ደቂቃ በቃው። የእናትየውም የደም ግፊት፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ እስክትወልድ ድረስ ሐኪሟ በፈለጉት ልክ ቆየ።

በካይሮ ሌላም ጸጥታ አለ፤ ያላየው ሰው አያምንም። በረመዷን የመግሪብ አዛን እንደተሰማ ያን ሁሉ ሕዝብ የተሸከመች ከተማ ባንድ ጊዜ ቀጥ ትላለች። መንገዱ ላይ ውሃና ተምር ለመንገደኛ የሚያድሉ ወጣቶች ብቻ ይቀራሉ። መኪና የለም፤ ክላክስ የለም፤ ከየመስኮቱ የማንኪያ ድምጽ ብቻ ይሰማል። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኛ ተምራችንን ይዘን ሰገነት ላይ ቆመን ነበር የምናፈጥረው።

አሁን ደግሞ ለመናገር ወደሚከብደው ጉዳይ እንምጣ። ከምንሰማው ድምጽ ከፊሉ የሃይማኖታችን ድምጽ ነው። ጎረቤት ሰው ሲሞትበት ድንኳን ይተከልና ቃሪኡ እስከ ሌሊት በድምጽ ማጉያ ይቀራል። ሱቆቹ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚሰራጨውን የካይሮ የቁርኣን ራዲዮ ከማለዳ ጀምሮ ይከፍታሉ፤ ከሥሩ ግብይት፣ ክርክርና መሐላ ይቀጥላል። የሕንጻችን ሊፍት እንኳ ሰው በገባ ቁጥር የመንገድ ዱዓ ይላል። ከሱ ጋር ልጆቹ ዱዓውን በቃላቸው ያዙት፤ ያም ኸይር ነው። ግን ሕፃን ታሞ ባደረበት ሌሊት የለቅሶው ድንኳን ከመስኮት ሥር ሲያስተጋባ፣ ደከመን ማለት ኢማን ማነስ ይሆን? ብለን ተጨንቀናል። ብዙ ወገኖቻችንም በዚሁ ዝም እንደሚሉ እናውቃለን።

በዕድሜ የሚበልጡን አንድ የሀገራችን ሸይኽ ይህን ስናዋያቸው ሳቅ ብለው ሦስት ነገር አስታወሱን። ሰሓቦች በጉዞ ላይ ተክቢራ ሲያሰሙ ድምጻቸውን እጅግ ከፍ ባደረጉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለነፍሳቸው እንዲያዝኑ፣ የሚጠሩት ደንቆሮንም ሩቅ ያለንም እንዳልሆነ ነገሯቸው። በመስጊድ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉም ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ ቂራኣቱን እያጎላ እንዳያስቸግር ከልክለዋል። ሦስተኛው የሚቅዳድ ሐዲስ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሌሊት ሲመጡ የነቃው እንዲሰማ፣ የተኛው ግን እንዳይነቃ አድርገው ሰላምታ ያቀርቡ ነበር። ሸይኹ ይህን ሲነግሩን ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። በአዛን ላይ ማንም ቅሬታ የለውም፤ እኛማ እሱን ፍለጋ ነው የመጣነው። ከአዛን ውጪ ያለውን በተመለከተ ግን የሙስሊም አገሮች ራሳቸው ሥርዓት እያበጁለት ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 የመስጊድ የውጭ ድምጽ ማጉያ ለአዛንና ለኢቃም ብቻ እንዲውል፣ መጠኑም ከሙሉው ሢሶ እንዳያልፍ አዛለች። ስለዚህ «ድምጹን ትንሽ ቀንሱልን» ማለት ዲንን መቃወም አይደለም፤ አነጋገሩ ላይ ነው ቁም ነገሩ።

አነጋገሩን የተማርነው ከሕንጻው ዘበኛ ነው። ከላይኛው ግብጽ የመጣ፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ነው። «ከመስኮት አትናገሩ፤ ፖሊስም አትጥሩ፤ ወርዳችሁ ተቀመጡና ሻይ ጠጡ» አለን። እንዳለውም አባትየው ወርዶ ሻይ ቤቱ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን ስለ ጩኸት ምንም አልተነሣም። በሁለተኛው ከወሎ የተላከልንን ቡና በጀበና አፍልተን፣ ልጁን አስይዘን ለባለቤቱ ላክንላቸው። ሰውየው የሸይን ሰው ናቸው፤ ቡናችንን በጉጉት ቀምሰው ስኳሩን ሦስት ጊዜ ጨመሩበት። በሦስተኛው ቀን «ያ ሙዐሊም፣ አራስ ልትገባብን ነው፤ መኝታችን ከዶሚኖው በላይ ነው» አልናቸው። ወዲያው «ያ ኸበር አብየድ!» ብለው ተነሥተው የቴሌቪዥኑን ድምጽ ማጉያ ወደ ውስጥ አዞሩት፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላም ዶሚኖ ተጫዋቾቹ በወዲያኛው ጥግ እንዲቀመጡ አዘዙ። ተጫዋቾቹ የታዘዙት ግማሹን ጊዜ ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የበለጠው ትርፍ ሌላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከታች የሚመጣው ድምጽ የማናውቀው ጩኸት ሳይሆን የሙዐሊም ሻይ ቤት ሆነ። ባጃጆቹን ግን ማንም አላሸነፋቸውም።

እዚህ ላይ በጂዳ፣ በኩዌትና በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንን ሳናስታውስ ብናልፍ ይከብደናል። እኛ ቢያንስ የምንዘጋው በር ነበረን። ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚተኙት ከኩሽና ጎን ወይም ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው፤ የሚያስነሣቸውም መንገድ ሳይሆን የጥሪ ድምጽ ነው። ቬንትሌተርም መጋረጃም ለዚያ መልስ አይሆንም። ዘመድ ያላት ሰው ቢያንስ ስትደውል «ለምን ትጮኺያለሽ?» አትበሏት።

በቤታችን ውስጥ ያለውን ድምጽ በተመለከተ አንድ ሕግ አወጣን፤ ከሌላ ክፍል ሆኖ መጣራት ቀረ። የፈለገ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ፊት ለፊት ሆኖ ይናገራል። ሉቅማን ለልጁ ከመከረው ውስጥ ድምጽን ዝቅ ማድረግ እንደሚገኝበት፣ እዚያው አንቀጽ ላይም የአህያ ድምጽ እንደሚነሣ ለልጆቹ ስናስተምር፣ የሮባቤክያው አህያ ከመንገድ ላይ አናፋ፤ ትምህርቱ ሳቅ በሳቅ ሆኖ ተበተነ። የቡናውን ሙቀጫ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሥሩ የታጠፈ ጆንያ እያደረግን ነው የምንወቅጠው፤ የታችኛዋ እመቤት ሽታውን እንጂ ድምጹን አታውቀውም። ልጁ በሦስት ወር ውስጥ ድምጹ ተመለሰ ለማለት ባንደፍርም፣ ቁርኣን ሲቀራ ግን ጉሮሮው መሻከሩ ቀርቷል።

ባለፈው ሻዕባን ሙዐሊም ራሳቸው ደረጃውን ወጥተው በራችንን አንኳኩ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሐሙስ ማታ መንገዱ ላይ ድንኳን እንደሚተከል፣ ድምጽ ማጉያውም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በፊት እንደማይዘጋ ነግረውን፣ «ሕፃኗ አትነሣብኝ፤ እናንተም አትቅሩብኝ» አሉን። በሐሙሱ ልጆቹን ሰባተኛው ሰፈር ወዳሉ የሀገራችን ልጆች ወስደን አሳደርናቸው። እኛ ወርደን ኒካሑን ታደምን፤ ሩዝና ሥጋውን በላን፤ ሙሽራውን መረቅን። የሙዚቃ ሰዎቹ ገመዳቸውን መዘርጋት ሲጀምሩ ሙዐሊምን ተሰናብተን፣ የጆሮ መድፈኛችንን ከኪስ እያወጣን ወደ ላይ ወጣን።